ስድስት ሲሊንደሩን ሞተር ለቁራሌ አትስጡት

ክቡር ዋና አዘጋጅ፣

ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ባለፈው ወር በምኖርበት በአለም ገና ያየሁት ነገር ነው። አንድ ጎረቤቴ ከአባታቸው የወረሱትን ሰፊና ረጅም የአሜሪካ መኪና ጋራዥ አስገብተው፣ አብሮት የተሠራውን ባለ ስድስት ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር አስወጥተው፣ ከአሮጌ ፒክአፕ የተፈታ የናፍጣ ሞተር አስገጠሙበት። የወጣው ሞተር በግቢያቸው ጥግ ሁለት ሳምንት ዝናብ ሲወርድበት ከቆየ በኋላ ለቁራሌ በኪሎ ተሸጠ። ሰውየው ንብረታቸው ነውና የመሰላቸውን ማድረግ መብታቸው ነው። ሆኖም ይኸው ነገር በሌሎችም ሲደጋገም ስለማይ፣ እኔም ዕድሜዬን ከእንዲህ ዓይነት መኪና ጋር ያሳለፍኩ ሰው በመሆኔ፣ የማውቀውን ሳልናገር መቅረት አልፈለግሁም።

የእኛ መኪና በፈረንጆች አቆጣጠር በ1966 የተሠራች ሼቭሮሌ ቢስኬይን ናት። አባቴ በ1964 ዓ.ም. ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ የውጭ አገር መምህር ላይ ገዝተዋት ለእኔ አውርሰውኛል። ርዝመቷ ከ5 ሜትር ከ40 ሳንቲም ያላነሰ፣ ስፋቷ ወደ 2 ሜትር የሚጠጋ፣ ክብደቷም ከ1 ሺህ 500 ኪሎ ግራም በላይ ነው። ይህን ያህል ግዙፍ መኪና ያየ ሰው ሁሉ ኮፈኑ ሥር ቪ8፣ ማለትም ስምንት ሲሊንደሮች ያሉት ሞተር አለ ብሎ ያምናል። እርግጥ ነው፣ በዚያው ዓመት በዚያው አካል ላይ እስከ 7 ሊትር የሚደርስና 425 የፈረስ ጉልበት ያለው ቪ8 ሞተር ማዘዝ ይቻል ነበር። የእኛዋ ግን የተወለደችው ከ250 ኩቢክ ኢንቹ፣ ማለትም ከ4.1 ሊትሩ ሞተር ጋር ነው፤ ስድስቱ ሲሊንደሮች በአንድ ረድፍ የቆሙ፣ ቤንዚንና አየር በሚቀላቅለው፣ አንድ አፍ ብቻ ባለው ካርቡራቶር የሚቀለብ፣ ፋብሪካው 155 የፈረስ ጉልበት አለው ያለው ሞተር ነው። ሼቭሮሌ ብቻውን አልነበረም። ፎርድም በትልልቆቹ መኪኖቹ 240 ኩቢክ ኢንች ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር ይገጥም ነበር፤ የፕላይማውዝ ፊዩሪም 30 ዲግሪ ወደ ጎን ጋደል ያለውን ባለ 225 ኩቢክ ኢንች ሞተር ይዞ ይሸጥ ነበር።

ይህን ሞተር ደካማ የሚሉት ሰዎች የፈረስ ጉልበቱን ቁጥር ብቻ ያያሉ። እኔ እንዲያዩልኝ የምፈልገው ሌላ ቁጥር ነው። የማዞር ጉልበቱ ከፍተኛ መጠን ላይ የሚደርሰው ገና በደቂቃ 1 ሺህ 600 ዙር ሲሽከረከር ነው። ይህም ማለት ከአየር ጤና ወደ አለም ገና በሚያደርሰው መንገድ፣ ከጭነት መኪና ኋላ እየተከተሉ፣ አንዴ እየቆሙ አንዴ እየተነሡ በሚሄዱበት ሰዓት ሞተሩ ያለውን ኃይል ሳይጮኽ ይሰጣል ማለት ነው። ክራንክ ሻፍቱ፣ ማለትም የሞተሩ ዋና ተሽከርካሪ ዘንግ፣ በሰባት ቦታ ላይ የተደገፈ ስለሆነ ንዝረቱ ትንሽ፣ ዕድሜውም ረጅም ነው። የእኛ ሞተር በሃምሳ ዓመት ውስጥ ለሙሉ እድሳት የወረደው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከባሕር ወለል ከ2 ሺህ 300 ሜትር በላይ ከፍ ያሉ በመሆናቸው ማንኛውም ያለ ተርቦ ራሱ አየር የሚስብ ሞተር እዚህ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። ይህን ኪሳራ ቪ8ም ቢሆን አያመልጠውም። ብዙ ባለቤቶች ግን መኪናቸው ዳገት ሲያቅተው ጥፋቱን በሞተሩ ላይ ይደፉታል፤ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ ያለው ካርቡራቶሩ ላይ ነው። ካርቡራቶሩ ፋብሪካው ውስጥ የተመጠነው ለቆላ አየር ስለሆነ፣ እኛ ዘንድ ባለው ስስ አየር ቤንዚን ይበዛበታል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጭሱም ይጠቁራል፣ መኪናው ይታነቃል። መፍትሔው ጄት የሚባለውን ቤንዚን የሚያሳልፍ ትንሽ ባለ ቀዳዳ ብሎን ቀዳዳው ጠበብ ባለ መተካትና የእሳቱን ጊዜ በጥቂቱ ማስቀደም ነው። ይህ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ የእኛዋ ከተደረገላት በኋላ አራት ሰው ጭና እንጦጦን ተሻግራ ሱሉልታ ስትገባ አንድም ቀን አላስቸገረችኝም። ሌላም ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። በዚህ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ስለዚህ ግፊቱን አፍኖ የሚይዘው የራዲያተር ክዳን ላስቲኩ ካረጀ ሞተሩ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ውኃው ይንተከተካል። በአንድ ክዳን ምክንያት ሞተር ከነነፍሱ ሲጣል ማየት ያሳዝናል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ፍሬን ነው። በፈረንጆች 1966 የተሠሩት እነዚህ መኪኖች በአራቱም ጎማ ከበሮ ፍሬን ያላቸው ሲሆን፣ የፍሬን ዘይቱ የሚሄደው በአንድ መስመር ብቻ ነው፤ ሁለት መስመር ያለው ፍሬን የመጣው በሚቀጥለው ዓመት ሞዴል ነው። አንዲት ቱቦ ከፈሰሰች አራቱም ጎማ ፍሬን አልባ ይሆናል። ልከኛው ሞተር መኪናውን ከዚህ ፍሬን ዐቅም በላይ አያስሮጠውም፤ በቁልቁለትም በሁለተኛ ማርሽ ሲወርዱ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይይዛል። የናፍጣ ሞተር ግን አየሩን የሚዘጋ ክዳን ስለሌለው እግርን ከነዳጁ ላይ ሲያነሡ መኪናን የመያዝ ኃይሉ ያነሰ ነው። ጎረቤቴ አሁን ከእንጦጦ ሲወርዱ ቁልቁለቱን በሙሉ ፍሬን እየረገጡ እንደሚወርዱ፣ ከበሮውም ግሎ እንደሚሸት ራሳቸው ነግረውኛል። ይህ የሰው ሕይወት ያለበት ጉዳይ ስለሆነ ደጋግሜ እናገረዋለሁ።

የሚቀርበውን ምክንያት አልንቅም። ቤንዚን ተወዷል። በእኔ ልኬት የእኛዋ በመቶ ኪሎ ሜትር 15 ሊትር ገደማ ትጠጣለች። ነገር ግን እነዚህን መኪኖች የምንነዳቸው ለቤተ ክርስቲያን፣ ለሠርግና ለዘመድ ጥየቃ ነው። በሳምንት 50 ኪሎ ሜትር ብንሄድ የዓመቱ 2 ሺህ 600 ኪሎ ሜትር፣ ፍጆታውም 390 ሊትር ነው። ናፍጣው 10 ሊትር ብቻ ይጠጣል ብንል እንኳ ልዩነቱ በዓመት 130 ሊትር ነው። ሞተሩ፣ ካምቢዮው፣ የሚበየደው ብረትና የሚቆረጠው ላሜራ የሚያስወጣውን ገንዘብ በዚህ ልዩነት ለመመለስ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ እያንዳንዱ ባለቤት ከመፈረሙ በፊት ያስላው።

ሁለተኛው ምክንያት መለዋወጫ የለም የሚለው ነው። ካንዴላውና ቺንጋው ሶማሌ ተራ ቢፈለግ አይጠፋም፤ የማይገኘውን ደግሞ የቶርኖ ባለሙያዎቻችን ይሠሩታል። እርሳስ ያለበት ቤንዚን ከቀረ ወዲህ በነዚህ አሮጌ ሞተሮች የጭስ ማውጫ ቫልቮች መቀመጫቸውን እየበሉ ወደ ውስጥ ይሰምጣሉ። የእኛዋም ላይ ይህ ደርሶ ነበር። አንድ ሽማግሌ የቶርኖ ባለሙያ ከጠንካራ ብረት ስድስት የቫልቭ መቀመጫዎች ሠርተው በቴስታታው፣ ማለትም ሲሊንደሮቹን ከላይ በሚከድነው የሞተሩ ክፍል ላይ ከተከሉበት ቀን ጀምሮ ችግሩ አልተመለሰም። እንዲህ ያለ እጅ ባለበት አገር መለዋወጫ የለም ብሎ ሙሉ ሞተር መጣል ለባለሙያዎቹም አለማሰብ ነው።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ እነዚህ መኪኖችም ሆኑ ሞተሮቻቸው ተመልሰው የሚመጡበት በር የለም። ለቁራሌ የተሸጠው ቀልጦ ፌሮ ሲሆን የሚተካው የለም። በሊብሬው ላይ የተጻፈው የሞተር ቁጥርና ኮፈኑ ሥር ያለው ሞተር አንድ ሆነው የሚገኙባቸው መኪኖች ቁጥር በየዓመቱ እያነሰ ነው።

ስለዚህ የግድ ሞተር መቀየር ያለበት ባለቤት ቢኖር፣ የወጣውን ሞተር ዘይት ቀብቶ፣ በሸራ ጠቅልሎ፣ ከዝናብ አርቆ ያስቀምጠው፤ ልጁ ወይም የልጅ ልጁ ይፈልገው ይሆናል። እኔ ከጎረቤቴ ሞተር ለማትረፍ የቻልኩት ቴስታታውን ብቻ ነው፤ ቁራሌው ከመጫኑ በፊት ደርሼ ገዛሁት። ስንጥቅ እንደሌለበት አስመርምሬዋለሁ። ለ230ም ሆነ ለ250 ኩቢክ ኢንቹ የሼቭሮሌ ሞተር ይገጥማል። ሞተሩን ላለማውረድ ወስኖ ቴስታታ ያጣ ባለቤት ካለ በዝግጅት ክፍላችሁ በኩል ይጠይቀኝ፤ ያለ ክፍያ እሰጠዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የዘወትር አንባቢያችሁ
ከአለም ገና