ለልጄ፦ ሳይነካ ስለሚመለሰው ምሳ ዕቃ

ውድ ልጄ፣

ልጅሽ ምሳ ዕቃውን እንዳለ መልሶ ሲያመጣ «መራጭ ነው» ብለሽ አትደምድሚ። ጠዋት የቋጠርሽለትና እኩለ ቀን ላይ ከፍቶ የሚያገኘው አንድ አይደለም። አንድ ቀን ሁለት ቋጥሪ፤ አንዱን ይዞ ይሂድ፣ ሌላውን ከነቦርሳው አስቀምጠሽ እሱ በሚበላበት ሰዓት አንቺ ብይው። ፓስታው ተጣብቆ ድቡልቡል ሆኗል፣ ዳቦው ርሷል፣ ፖሙ ጠቁሯል። እኔም ብሆን አልበላውም።

ዳቦውን የሚያረጥበው ቲማቲሙ ነው። ዘሩንና ውሃውን በማንኪያ አውጪለት። ዳቦውን እስከ ጠርዙ ድረስ ቅቤ ቀቢው፣ ቅባቱ ውሃውን ያግዳል። ቲማቲሙም በእንቁላሉና በሰላጣው ቅጠል መሀል ይግባ እንጂ ዳቦ አይንካ። ምግቡ ሳይበርድ ከተከደነ ግን ልፋትሽ ከንቱ ነው፤ እንፋሎቱ ክዳኑ ላይ ውሃ ሆኖ ተመልሶ ይንጠባጠባል።

ፖም የሚጠቁረው የተቆረጠው ፊት አየር ሲያገኘው ነው። በአንድ ብርጭቆ ውሃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሚና 5 ደቂቃ ዘፍዝፊው፣ ከዚያ አለቅልቂው። ሎሚም ይሠራል፤ ልጆች ግን ጣዕሙን ወዲያው ያውቁታል። እንቁላል ውሃው ከፈላ በኋላ 10 ደቂቃ ይበቃዋል፣ ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ክተቺው። ከዚያ ካለፈ አስኳሉ ዙሪያ አረንጓዴ ቀለበት ይወጣል። አይጎዳም፣ ልጅ ግን ያንን አይቶ አይነካውም። ልጠሽም ላኪው።

ትኩስ ምግብ ከፈለግሽ፣ ምግብ መያዣ ፔርሙዙን በፈላ ውሃ ሞልተሽ ከድነሽ 10 ደቂቃ አቆዪው። ውሃውን ደፍተሽ ከእሳት የወረደውን ምግብ እንደጋለ ጨምሪ። ቀዝቃዛ ፔርሙዝ ሙቀቱን ራሱ ይጠጣዋል፤ ምግቡ ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲወርድ ደግሞ ባክቴሪያ መራባት ይጀምራል። ለቀዝቃዛው ምሳ በላስቲክ ጠርሙስ ውሃ በረዶ አድርገሽ ከጎኑ አስቀምጪ፤ ውሃ በረዶ ሲሆን ስለሚሰፋ እስከ አፉ አትሙዪው።

ሩዝ ላይ ቀልድ የለም። የማታውን ከሆነ የምትልኪው፣ በሰፊ ትሪ ስስ አድርገሽ ዘርግተሽ በ1 ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ይግባ። ምድጃ ላይ ያደረውን ድፊው፤ ባክቴሪያው የተወውን መርዝ ደግሞ ማሞቅ አያጠፋውም።

ክዳኑን ራሱ መክፈት ቤት ውስጥ ይለማመድ። አስተማሪ እስኪከፍትለት ሲጠብቅ የምሳ ሰዓቱ ያልቃል። መጠኑንም በእሱ እፍኝ ለኪ እንጂ በአንቺ አይሁን። አዲስ ምግብ በምሳ ዕቃ አታስጀምሪው፤ እራት ላይ ከእናንተ ጋር ደጋግሞ ይቅመሰው፣ አንዳንዱን 10 ጊዜ ሳይቀምስ አይለምደውም። ታናሽየው 5 ዓመት እስኪሞላው የወይን ፍሬን በቁመቱ አራት ቦታ ሰንጥቂለት፣ ድፍኑ ያንቃል።

የተረፈውን ትምህርት ቤት እንዳይደፋው ንገሪው፤ ይዞት ሲመጣም አትቆጪው። ካሮቱ ግማሹ ተበልቶ ከሆነ በዝቶበታል ማለት ነው። ጫፉ ተነክሶ ከተተወ ግን ደርቆበታል፤ በነገታው በእርጥብ የወረቀት ፎጣ ጠቅልለሽ ሞክሪው።

እናትሽ