ስለ ቅዳሜው የመሰንቆ ትምህርት

ጎንደር፣ ታኅሣሥ 13 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለተከበራችሁ የተማሪዎቻችን ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ፈተና በጥር ወር እንደሚሰጥና የመጻሕፍት እደላው መጠናቀቁን በአክብሮት አስታውቃለሁ።

ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት ግን ስለ መሰንቆው ነው። በጥቅምት ሲጀመር 30 ልጆች ተመዝግበው ነበር፤ ከትናንት በስቲያ የመጡት 9 ናቸው። የቀሩት አልታመሙም። «ቤት ከልክለውኛል» ብለው ነግረውኛል፤ አንዷ እያለቀሰች።

«ልጄን የላክሁት አዝማሪ እንዲሆን አይደለም» ማለታችሁን ሰምቻለሁ። እኔም አዝማሪ አደርገዋለሁ አላልኩም። ቢሆንስ ምን ያሳፍራል? ልጆቻችንን ስንድር አዝማሪ ጠርተን፣ ግጥም ሰጥተን «ተቀበል» የምንል፣ ብር ግንባሩ ላይ የምንለጥፍ እኛው አይደለንም? በጣሊያን ወረራ ዘመን አርበኛውን በዜማ ያበረታቱት እነማን ነበሩ? እዚሁ ጎንደር አጠገብ ቡርቧክስ ይህ ሙያ ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ የኖረበት መንደር ነው። የእኛም መምህር ከአባታቸው የተማሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚመጡት ያለ አንድ ብር ክፍያ ነው። ባዶውን ወንበር አይተው ምንም አልተናገሩም። ለዘጠኙ ልጆች ሰዓቱ እስኪያልቅ አስተምረው ሄዱ። እኔ ግን አፈርኩ።

«የ8ኛ ክፍል ፈተና አለባቸው» ለምትሉ፦ አውቃለሁ፤ ለፈተናው የምናዘጋጃቸው እኛ ነን። ትምህርቱ በሳምንት ሁለት ሰዓት ብቻ ነው፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ አንድም ክፍለ ጊዜ አልተነካም። ደግሞስ መሰንቆ ጨዋታ ይመስላችኋል? ያለው አንድ ክር ነው፤ የፈረስ ጭራ። ጣት የት እንደሚያርፍ የሚያሳይ ምልክት የለውም። ልጁ የዜማ ቅኝቶቹን፣ ትዝታን ከባቲ፣ አምባሰልን ከአንቺ ሆዬ፣ የሚለየው በጆሮው ነው፤ ሲስት ራሱ ይሰማዋል፣ ራሱ ያርማል። እንዲህ ያለውን ጥሞና በጠመኔና በሰሌዳ ማስተማር ምን ያህል እንደሚከብድ መምህራኖቼን ጠይቁ።

«ዓለማዊ ነው» ላላችሁ፣ መዝሙረ ዳዊት «በበገናና በመሰንቆ አመስግኑት» ይላል። ለጠየቃችሁኝ ሙስሊም ወላጆችም፣ በክፍሉ የየትኛውም ሃይማኖት ስብከት እንደማይሰጥ አረጋግጣለሁ።

«ከቴሌቪዥን ይማሩታል» የሚለውን ግን ፈጽሞ አልቀበልም። ነሐሴ ላይ ሆያ ሆዬ የሚሉ ልጆች ደጃፋችሁ ሲመጡ ሰምታችኋል? ሁለት ስንኝ ብለው ሳንቲም ይጠብቃሉ። እኛ የባለቤቱን ስም እየጠራን፣ በሬውንም ምጣዱንም እያነሣን፣ እዚያው ቆመን እንገጥም ነበር። ያስተማረን ሰፈሩ ነው።

በዚህ ወር መጀመሪያ ጥምቀት በዩኔስኮ ሲመዘገብ ሁላችንም እልል ብለናል። ከአራት ሳምንት በኋላ ታቦታቱ ወደ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ ሆታውን የሚያወጣ፣ ዜማውን የሚቀበል ሰው ያስፈልጋል። መዝገቡ አይዘፍንም። ልጆቻችንን ከከለከልን ማንን ልንልክ ነው?

ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ክፍሉ ክፍት ነው። መሰንቆ መግዛት አያስፈልግም፤ ለገና ፍየል የምታርዱ ቆዳውን ብትሰጡን ለአዲስ መሰንቆ እናውለዋለን። የምትቃወሙም ኑ። ከልጃችሁ አጠገብ ተቀምጣችሁ አንድ ቅዳሜ ስሙ፤ ውሳኔያችሁን ከዚያ በኋላ ንገሩኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር