አረሩ ሳይለካ ጠመንጃው አይታማ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በወሎ ከአያት ከቅድመ አያት የተወረሰ ጠመንጃ ኢላማ ሲስት መጀመሪያ የሚታማው መሣሪያው ነው። «አርጅቷል፣ ቱቦው አልቋል» ይባልና ውጅግራው (የፈረንሳይ ነባር ጠመንጃ) ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይቀራል። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የአረሩ፣ ማለትም ከጥይቱ ተለይቶ ኢላማ የሚመታው ክፍል ነው። ይህን የምንጽፈው በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃድ ላላቸው ባለንብረቶች ነው።

ጥይቱ ጎረሰ ማለት አረሩ ከቱቦው ጋር ገጠመ ማለት አይደለም። የጣሊያኑ ካርካኖ «6.5» ይባላል፤ የቦዩ ልክ (በቱቦው ውስጥ ከተቆረጡት ጠማማ ቦዮች ከአንዱ እስከ ትይዩው ያለው ስፋት) ግን ወደ 6.80 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ሌሎች 6.5 የሚባሉ ጠመንጃዎች አረር 6.70 ገደማ ነው። ይህ በካርካኖ ሲተኮስ ጋዙ በጎኑ ያመልጣል፣ አረሩም ጥምዙን (አረሩን የሚያሽከረክሩትን ጠማማ ቦዮች) በደንብ አይዝም። ወረቀት ላይ ክብ ቀዳዳ መውጣት ሲገባው የቁልፍ ቀዳዳ የመሰለ ረጅም ቅድ ከታየ አረሩ እየተገላበጠ ሄዷል ማለት ነው። ካርካኖ ላይ ሌላም ነገር አለ፦ የረጅሙ ሞዴል ጥምዝ ወደ አፈሙዙ ሲጠጋ ይበልጥ እየተጠመዘዘ የሚሄድ ነው። ከረጅሙ ተቆርጦ በአጭር የተሠራው ይህን ጫፍ ስላጣ፣ የተስማማ አረር ቢያገኝም እንደ ረጅሙ አቀራርቦ አይመታም።

ከሁሉ የሚያስፈራው የሞዘሩ ጉዳይ ነው። በ8 ሚሊ ስም ሁለት ልክ አለ፦ የቀድሞው 8.07፣ የኋላው 8.20። ሰፊው አረር በጠባቡ ቱቦ ከተተኮሰ ግፊቱ ከልክ ያልፋል፣ ተኳሹም ዓይኑን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ከመግዛት በፊት መለካት ግዴታ ነው።

አለካኩ ይህ ነው። ጠመንጃው ባዶ መሆኑን አረጋግጡ። ቱቦውን በሙቅ ውሃና በሳሙና አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ፣ ቀጭን ዘይት ቀቡ። ጥፍር የሚፍቀው ንጹህ እርሳስ ከቱቦው ትንሽ ወፈር አድርጋችሁ አፈሙዙ ላይ አስቀምጡና በእንጨት መዶሻ አስገቡት፤ ከዚያ በነሐስ ዘንግ ቀስ እያላችሁ እስከ መጉረሻው ግፉት። የብረት ዘንግ ጥምዙን ይፍቃል። እርሳሱ ሲወጣ ጎልቶ የቀረው መስመር የቦዩ ልክ ነው፤ በማይክሮሜትር ይለካል። እየገፋችሁ ሳለ ድንገት ከቀለለ ቱቦው እዚያ ላይ ተበልቷል። የመስመሩ ቁጥር ጎደሎ ከሆነ፣ ለምሳሌ 7 ቦይ ያለው ማርቲኒ የሚባለው የእንግሊዝ ጠመንጃ ላይ፣ መለኪያው ሁለት ትይዩ ጫፍ አያገኝም፤ ቀጭን የነሐስ ቅጠል አንዴ ጠምጥማችሁ ለኩና ከውጤቱ የቅጠሉን ውፍረት ሁለት እጥፍ ቀንሱ።

የእርሳስ አረር ከቦዩ ልክ ከ0.02 እስከ 0.05 ሚሊ ቢወፍር መልካም ነው። ቅይጡ 1 ኪሎ እርሳስ ከ50 ግራም ቆርቆሮ (ቲን የሚባለው ብረት፣ የጣሪያው ቆርቆሮ አይደለም) ጋር ይበቃል። የመኪና ባትሪ እርሳስ አትንኩ፤ ጠንካራ ከመሆኑም በላይ ሲቀልጥ ጭሱ መርዝ ነው። ማቅለጥም ሁልጊዜ ደጅ፣ ነፋስ ባለበት ይሁን፤ የቀለጠ እርሳስ ውስጥ ጠብታ ውሃ ከገባ ይፈነዳል። ቅርጹ ከተጨማደደ እርሳሱ ወይም ቅርጽ ማውጫው ቀዝቅዟል። የወጡትን መዝኑ፤ ከብዙዎቹ 0.1 ግራም የሚያንሰው ውስጡ አየር አለበትና መልሳችሁ አቅልጡት።

ውጅግራ፣ ማለትም የፈረንሳዩ ግራ ሞዴል 1874፣ መጀመሪያ 25 ግራም አረር በወረቀት ተጠቅልሎ ነበር የሚተኮሰው፤ ባሩዱ 5.25 ግራም ጥቁር ባሩድ ነው። 0.05 ሚሊ ወረቀት ሁለት ዙር ሲጠመጠም ውፍረቱን 0.2 ሚሊ ይጨምራል። የወረቀቱ ጫፎች ይገናኙ እንጂ አይደራረቡ፤ ተደራርበው ከቀሩ አረሩ ይጋደላል። ስናድር፣ እንግሊዞች ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ሥር አሮጌ ላይ የተኮሱበት፣ አረሩ ከኋላው ክፍት ነው፤ ባሩዱ ሲነድ ይሰፋና ቦዩን ይሞላል። ስለዚህ ለእሱ ለስላሳ እርሳስ እንጂ ጠንካራ ቅይጥ አይሆንም።

በነዚህ በሁለቱ ጭስ አልባ ባሩድ ፈጽሞ አይገባም። ቅባቱ የንብ ሰምና የበግ ሞራ እኩል ለእኩል ነው፤ የሞተር ዘይት ከጥቁር ባሩድ ጋር ሲቃጠል እንደ ሬንጅ ይደርቃል።

ሙከራው በ50 ሜትር፣ የአሸዋ ከረጢት ላይ ተደግፎ፣ ከእያንዳንዱ የአረር ልክ 5 ጥይት ነው። የነባር ጠመንጃ ማነጣጠሪያ ለሩቅ የተሠራ ስለሆነ ከፍ ብሎ መምታቱ አያስደንግጣችሁ፤ መታየት ያለበት አምስቱ ቀዳዳዎች መቀራረባቸው ነው። በዚያው ዕለት ቱቦውን በሙቅ ውሃ እጠቡ። የጥቁር ባሩድ ጥላሸትም ሆነ የድሮ ካፕሱል (ባሩዱን የሚያቀጣጥለው) የሚተወው ጨው በዘይት ብቻ አይወጣም።

የነባር ጠመንጃ ጥገና ባለሙያዎች
ከደሴ