ኮፒ ከማድረግዎ በፊት፦ በኮምፒውተርዎ ላይ የሚታየው ፋይል የት ነው ያለው?

ለክቡራን ደንበኞቻችን

ጉዳዩ፦ ከፎርማት በፊት ስለሚወሰድ የፋይል ቅጂ

ኮምፒውተርዎን ለጥገና ወይም ለፎርማት ሲያመጡልን የምናቀርብልዎ የመጀመሪያ ጥያቄ «ፋይልዎን ኮፒ አድርገዋል?» የሚል ነበር። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ «አዎ፣ ኤክስተርናል (ከውጭ የሚሰካ ዲስክ) ላይ አለ» ስለሆነ ከዚያ አልፈን አንጠይቅም ነበር። ይህ ጥያቄ ብቻውን እንደማይበቃ ከራሳችን ስህተት ስለተማርን ጉዳዩን በዝርዝር ልናስረዳዎ ወደድን።

አንድ ደንበኛችን ቡት አላደርግ ያለ (ሲበራ ዊንዶውስን የማያስነሳ) ላፕቶፕ ይዘው መጡ። እንደተለመደው ዲስኩን ፈትተን ከእኛ ማሽን ጋር ስናገናኘው የፎልደሮቹ ስም፣ የእያንዳንዱ ፎቶ መጠንና ቀን ሳይቀር ተዘርዝሮ ታየን። ሁሉንም መርጠን ኮፒ ስናደርግ ግን ጥቂቶቹ ብቻ አለፉ፤ የቀሩት የስህተት መልእክት አመጡ። አንዱን ፎቶ ቀኝ ክሊክ አድርገን ፕሮፐርቲስ ስንከፍት «ሳይዝ» በሚለው መስመር 4 ሜጋባይት ያህል፣ ከሥሩ «ሳይዝ ኦን ዲስክ» በሚለው ደግሞ 0 ባይት ተጽፎ አገኘን። ዲስኩ ላይ የነበረው የፎቶው ስም እንጂ ፎቶው አልነበረም። ፎቶውን ለማውረድ በማይክሮሶፍት አካውንት መግባት ግድ ሆነ፤ ደንበኛችን ግን አካውንት እንዳላቸው እንኳ አያውቁም። መዝገባችንን ስናገላብጥ ዊንዶውስ 11 የጫንንላቸው፣ አካውንቱንም በችኮላ የከፈትንላቸው እኛው ሆነን ተገኘን። ባለሙያችን የይለፍ ቃሉን በአሮጌ ደብተሩ ላይ ጽፎት ስለነበር ፎቶዎቹ ከሁለት ቀን ፍለጋ በኋላ ተመለሱ፤ የደንበኛን የይለፍ ቃል በደብተር መያዝ በራሱ ነውር መሆኑን ግን ሳንናገር አናልፍም።

ነገሩ የሚሠራው እንዲህ ነው። ዊንዶውስ 11 ሲጫን በማይክሮሶፍት አካውንት እንዲገቡ ይጠይቃል፤ ከገቡ በኋላ ዋንድራይቭ የተባለው ፕሮግራም ዴስክቶፕ፣ ዶክዩመንትስና ፒክቸርስ የተባሉትን ፎልደሮች በራሱ ፎልደር ሥር አስገብቶ ወደ ክላውድ፣ ማለትም በኢንተርኔት ወደሚገኝ የማይክሮሶፍት ማከማቻ፣ መጫን ሊጀምር ይችላል። ተጠቃሚው የሚያየው ያው የለመደውን ዴስክቶፕ ስለሆነ ለውጡ መምጣቱን አይረዳም። የዲስክ ቦታ ለመቆጠብም አንዳንዱ ፋይል ክላውድ ላይ ብቻ ቀርቶ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ስሙና ምልክቱ ብቻ ይቀመጣል። ከፋይሉ አጠገብ ሰማያዊ የደመና ምልክት ካዩ ፋይሉ ኮምፒውተርዎ ላይ የለም ማለት ነው። በአረንጓዴ የተከበበ ነጭ ክብ ውስጥ የራይት ምልክት ካለበት ለጊዜው ወርዷል፤ ሙሉ በሙሉ አረንጓዴ በሆነ ክብ ውስጥ ነጭ ራይት ካለበት ደግሞ ሁልጊዜ ኮምፒውተርዎ ላይ እንዲቆይ ታዟል።

«ታዲያ ክላውድ ላይ ካለ ምን ቸገረኝ?» የሚሉ ደንበኞች አሉ። ችግሩ ዋንድራይቭ ሁለቱን ወገኖች የሚያመሳስል እንጂ ሁለተኛ ቅጂ ለይቶ የሚያስቀምጥ አለመሆኑ ነው፤ ልጅዎ አንድ ፎልደር ቢሰርዝ ከክላውዱም ይሰረዛል፣ በግል አካውንት የተሰረዘው ፋይል በሪሳይክል ቢን (በተሰረዙ ፋይሎች ማቆያው) የሚቆየውም 30 ቀን ነው። በነጻ የሚሰጠው ቦታ ደግሞ 5 ጊጋባይት ብቻ ስለሆነ የአንድ ሠርግ ፎቶና ቪዲዮ ይሞላዋል። ከሞላ በኋላ አዲስ ፋይል መጫኑን ስለሚያቆም፣ አሮጌው ፋይል ክላውድ ላይ ብቻ፣ አዲሱ ኮምፒውተሩ ላይ ብቻ ሆኖ፣ የተሟላ ቅጂ ከየትም የማይገኝበት ሁኔታ ይፈጠራል። እኛን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበን ይኸኛው ነው።

ስለዚህ ወደ ኤክስተርናል ኮፒ ከማድረግዎ በፊት ፎልደሩን ቀኝ ክሊክ አድርገው «ኦልዌይስ ኪፕ ኦን ዚስ ዲቫይስ» የሚለውን ይምረጡና ምልክቶቹ በሙሉ አረንጓዴ እስኪሆኑ ይጠብቁ። ይህ ማለት ፋይሉ ሁሉ ከኢንተርኔት ይወርዳል ማለት ስለሆነ በሞባይል ዳታ አይሞክሩት፤ ጥቅልዎ ሳያስቡት ያልቃል። ዲስክዎም የሚበቃ ባዶ ቦታ እንዳለው አስቀድመው ይመልከቱ። ኮፒው ሲያልቅ ዋይፋዩን አጥፍተው ከኤክስተርናሉ ላይ የተወሰኑ ፋይሎችን፣ በተለይ የቆዩትን፣ ይክፈቱ። የፋይሎችን ብዛት ከመቁጠር ይልቅ ይህ ሙከራ የበለጠ ያረጋግጣል።

የጉግልን የክላውድ ማከማቻ፣ ጉግል ድራይቭን፣ ለሚጠቀሙ አንድ ነገር እንጨምራለን። ጉግል ዶክስ በተባለው የኢንተርኔት መጻፊያ ላይ የጻፉት ሰነድ ኮምፒውተሩ ላይ እንደ ፋይል ቢታይም በውስጡ ያለው ወደ ሰነዱ የሚወስድ አድራሻ ብቻ ነው፤ ፍላሽ ላይ ቢገለብጡት የተገለበጠው አድራሻው ነው። ጽሑፉን ለማስቀረት ሰነዱን ከፍተው በወርድ ወይም በፒዲኤፍ መልክ ማውረድ ይኖርብዎታል።

በእኛ በኩል ከእንግዲህ በደንበኛ ስም አካውንት አንከፍትም፤ እርስዎ ባሉበት፣ በራስዎ ስልክ፣ እርስዎ ብቻ በሚያውቁት የይለፍ ቃል ይከፈታል። ፎርማት የምናደርገውም ከኤክስተርናሉ ላይ እርስዎ የመረጧቸውን ፋይሎች ፊት ለፊትዎ ከከፈትን በኋላ ነው፤ ይህ ሥራውን ትንሽ ስለሚያዘገየው ትዕግሥትዎን እንጠይቃለን። ከዚህ ቀደም ዊንዶውስ 11 እኛ ዘንድ አስጭነው የትኛው አካውንት እንደተከፈተልዎ የማያውቁ ከሆነ፣ ኮምፒውተርዎ ደኅና እየሠራ ሳለ ይዘውት ይምጡ፤ የማስተካከያውን ሥራ ያለ ክፍያ እንሠራልዎታለን።

ከሰላምታ ጋር
የጥገና ክፍሉ