ቶሌዶ ከሄዳችሁ የአይሁድ ሰፈሩን አትለፉት

ይድረስ ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ስለ ስፔን ጉዞ ያወጣችሁትን አንብቤ ነው የምጽፍላችሁ። ስለ ማድሪድና ባርሴሎና ጥሩ አድርጋችሁ ጽፋችኋል፣ ቶሌዶን ግን ካቴድራሉንና ሰይፍ የሚሸጡትን ሱቆች ጠቅሳችሁ በሁለት መስመር አለፋችኋት፣ እኔ ደግሞ አማቴን ይዤ እዛው ከተማ ሄጄ ስለነበር ዝም ማለት አልቻልኩም።

አማቴ የተወለዱት ሞሮኮ መክነስ ነው፣ እስራኤል የገቡት በልጅነታቸው ከቤተሰባቸው ጋር ነው። የአባታቸው ቤተሰብ ስም ቶሌዳኖ ነው፣ የቶሌዶ ሰው ማለት ነው። እንግዲህ አስቡት፣ እ.ኤ.አ. በ1492 የስፔን ንጉሥ ፈርናንዶና ንግሥት ኢዛቤላ አይሁዶቹን ወይ ተጠመቁ ወይ በአራት ወር ውስጥ አገር ልቀቁ ብለው አዋጅ ካወጡ ጀምሮ ከ500 ዓመት በላይ ሆኖታል፣ ቤተሰቡ ግን አገር ሲቀያይር ስሙን ከአባት ወደ ልጅ ሲያወርድ ኖረ። አንዳንድ የሰፋራዲ፣ ማለትም ከስፔን የተባረሩት አይሁዶች ዘር የሆነ፣ ቤተሰብ የድሮ ቤታችን ቁልፍ አለን ይላል፣ አማቴ ቤት ቁልፍ የለም፣ ያለው ከመክነስ የመጣ የአያታቸው ክቱባ፣ የጋብቻ ውል ማለት ነው፣ እሱም ላይ ጋብቻው ከካስቲያ፣ ከድሮው የስፔን ግዛት፣ በተሰደዱት ሰዎች ሥርዓት እንደተፈጸመ ተጽፏል።

ከማድሪድ አቶቻ ጣቢያ በፈጣኑ ባቡር ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። ከተማዋ ድንጋያማ ኮረብታ ላይ ነው ያለችው፣ ታኾ የሚባለው ወንዝ በሦስት በኩል ይዞራታል፣ መንገዱ ሁሉ ጠባብና ዳገት ቁልቁለት ነው። ሽማግሌ ይዞ ለሚሄድ ሰው ግን አይከብድም፣ ከታች ከከተማው ግንብ ጀምሮ ወደ ላይ የሚያወጣ ኤስካሌተር አለ፣ እኛም በሱ ነው የወጣነው።

የአይሁድ ሰፈሩ በምዕራብ በኩል ነው። መሬቱና ግድግዳው ላይ ሜኖራ፣ የአይሁድ ባለ ሰባት ቅርንጫፍ መቅረዝ፣ ያለባቸው ትናንሽ የሸክላ ጡቦች ስታዩ ደርሳችኋል ማለት ነው። መጀመሪያ የገባነው ሳንታ ማሪያ ላ ብላንካ ነው፣ በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ የተሠራ ምኩራብ፣ ነጭ በነጭ የሆነ፣ ዓምዶቹ ላይ የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ያላቸው ቅስቶች በረድፍ በረድፍ የቆሙበት። ሥራው ስታዩት መስጊድ ነው የሚመስላችሁ፣ የተሠራው ደግሞ ከተማዋ በክርስቲያን ነገሥታት እጅ እያለች ነው። በ1391 በአይሁዶች ላይ ትልቅ እልቂት ደረሰ፣ ከዛ ብዙም ሳይቆይ ምኩራቡ ቤተ ክርስቲያን ተደረገ፣ ስሙም የዛን ጊዜ የወጣለት ነው፣ ዛሬም ባለቤቱ ቤተ ክርስቲያኗ ናት። እኔን ያመመኝ ግን አድራሻው ነው፣ ምኩራቡ ያለበት መንገድ የካቶሊካውያን ነገሥታት ጎዳና ይባላል፣ ማለትም የነዛው ያባረሯቸው ፈርናንዶና ኢዛቤላ። ይሄን ለአማቴ ስነግራቸው ምንም አላሉም፣ ክንዴን ጠበቅ አድርገው ያዙኝና ሄድን።

ሁለተኛው ኤል ትራንሲቶ ነው፣ በ1350ዎቹ የንጉሥ ፔድሮ ገንዘብ ያዥ የነበረው ሳሙኤል ሃሌቪ ያሠራው። ሰውየው እንደዛ ሲያገለግል ኖሮ በመጨረሻ ያው ንጉሥ አስሮት በሥቃይ ነው የሞተው። ምኩራቡ አሁን የሰፋራዲ ሙዚየም ሆኗል፣ ጣሪያው እንጨት ነው፣ ግድግዳው ዙሪያውን በዕብራይስጥ መዝሙረ ዳዊት ተቀርጾበታል። አማቴ መነጽራቸውን አድርገው ቀና ብለው ማንበብ ጀመሩ፣ መጀመሪያ በቀስታ ከዛ ድምፃቸው ከፍ እያለ መጣ፣ ቱሪስቶቹም ቆመው አዳመጧቸው። እኔ በሕይወቴ እንደዛ የኮራሁበት ቀን ትንሽ ነው፣ ጽሑፉን ያስጻፉት ሰዎች ዘሮች ከተባረሩ ይሄን ሁሉ ዘመን ቆይቶ የልጅ ልጃቸው ያለ ማንም እርዳታ ታነበዋለች እኮ!

አሁን ለምን እንደምጽፍላችሁ ልናገር። ስፔን እ.ኤ.አ. በ2015 የተባረሩት አይሁዶች ዘሮች ዜግነት እንዲጠይቁ ሕግ አውጥታ ነበር፣ ማመልከቻው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1 ቀን 2019 እስኪዘጋ ከ130 ሺህ በላይ ሰው አመልክቷል። የአማቴ ወንድምም አመለከቱ፣ ከዛ ሁሉ ወረቀት መሀል የጠቀማቸው ያ ክቱባ ነው፣ ማንም ሰው አንድ ቀን ይፈለጋል ብሎ ያላሰበው ወረቀት።

እኛ ከኢትዮጵያ የመጣነው ቤተ እስራኤሎች ቤት ግን እንደዛ ያለ ወረቀት የለም። ፓስፖርታችን የትውልድ ቦታ ኢትዮጵያ ብቻ ብሎ ነው የሚያልፈው፣ አምቦበር የለም፣ ወለቃ የለም፣ የስሜን ተራራ ሥር ያሉት መንደሮች የሉም። ልጆቻችን ከየት ነን ሲሉ ጎንደር እንላቸዋለን ከዛ ያልቃል። መንደሩን፣ ወንዙን፣ ቄሱ ማን እንደነበሩ፣ ጎረቤቱ ማን እንደነበረ የሚያውቁት ሽማግሌዎቻችን ናቸው፣ እነሱም በየዓመቱ እያለቁብን ነው።

ስለዚህ ልመናዬ ይሄ ነው፣ በየሳምንቱ ከጋዜጣችሁ ግማሽ ዓምድ ስጡን፣ አንድ ሽማግሌ ወይ አንዲት አሮጊት መንደራቸውን በራሳቸው አፍ ይናገሩበት፣ ስሙ በትክክል ይጻፍ፣ አብረዋቸው የኖሩት ቤተሰቦችም ስም ይጻፍ። እናቴ የወለቃ ልጅ ናት፣ ሸክላ ስትሠራ ነው ያደገችው፣ እሺ ካላችሁኝ የመጀመሪያውን እኔ ከሷ ቀድቼ እልክላችኋለሁ።

አክባሪያችሁ
አንዲት አንባቢ፣ ከአሽዶድ