ኒቆዲሞስን ሳታዩ አትለፉ

ክቡር አዘጋጅ፣

ዴንቨር ከገባን ዓመታት አልፈዋል። ጎረቤታችን የሆነውን የአሜሪካ ግዛት ካንሳስን ግን «ምንም የሌለበት ሜዳ» እያልን በፍጥነት ነው የምናልፈው። አምና ከልጆቼ ጋር ከአውራ ጎዳናው ወጥተን ኒቆዲሞስ ጎራ አልን።

እ.ኤ.አ. በ1877 ከባርነት የወጡ ጥቁሮች ከኬንታኪ መጥተው የቆረቆሯት መንደር ናት። ሜዳው ላይ እንጨት ስላልነበረ መሬት ቆፍረው ነው የኖሩት። ዊሊያና ሂክማን የምትባል ሰፋሪ በ1878 ስትደርስ መንደሩ አልታይ አላት። ባሏ ከመሬት ውስጥ የሚወጣውን ጭስ አሳያትና ይኸውልሽ አላት። አለቀሰች። ይህን ስነግራት ትልቋ ልጄ ዝም አለች። እኛም ባዶ እጃችንን ሰው አገር ገብተናል፤ ቢያንስ ግን ጣሪያ ነበረን።

በ1888 የባቡር ሐዲዱ በሌላ በኩል አለፈ። ብዙዎች ለቀው ሄዱ። ዛሬ ነዋሪው ጥቂት ነው። አዳራሹ፣ ሁለቱ ቤተ ክርስቲያኖች፣ የድሮው ሆቴልና ትምህርት ቤቱ ግን አሉ። ከ1996 ጀምሮ ቦታው በፌዴራል መንግሥቱ የተጠበቀ ታሪካዊ ሥፍራ ነው። በየዓመቱ ጁላይ መጨረሻ ላይ የሰፋሪዎቹ ልጅ ልጆች ከያሉበት ተሰባስበው ያከብራሉ።

እባካችሁ ስለ እንዲህ ያሉ መንደሮች በአማርኛ ጻፉልን። ልጆቻችን የሚያድጉት እዚሁ አገር ነው።

አንባቢያችሁ፣ ከዴንቨር