ጋሼ ተገኘ

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። አትሳቂ፣ ደብዳቤ መጻፍ ስለረሳሁ እማማ እንዳስተማረችን ልጀምር ብዬ ነው።

መጀመሪያ ጥፋቴን ልናገር። እማማ ያረፈች ጊዜ በኢሞ ደጋግመሽ ደወልሽ፤ አላነሳሁም። ነገ እደውልላታለሁ አልኩ። አርባው አለፈ፣ ሙት ዓመቱም አለፈ። ከዚያ በኋላማ ምን ብዬ? ባፈርኩ ቁጥር ዝም አልኩ፣ ዝም ባልኩ ቁጥር ደግሞ የባሰ አፈርኩ። ይኸው ዓመታት ሄዱ። ይቅር በይኝ።

ዶሮ ማነቂያ ያለው ግቢያችን በ2016 ፈርሷል፤ ሰምተሻል መቼም። ስለሱ ሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ፣ አሁን ከጀመርኩ አላባራም። የምጽፍልሽ ግን እቃ ስናወጣ በተገኘው ነገር ነው። እናቴ የማርያምን ሥዕል ከግድግዳው አወረደችው። ያንን ጥጉ ላይ መስታወቱ የተሰነጠቀውን፣ እማማ በየጠዋቱ ነጠላዋን አጣፍታ ፊቱ የምትቆመውን። የጀርባው ካርቶን ረግቦ ኖሮ ከውስጡ አንድ ፎቶ ወደቀ።

ጋሼ ነው! የእማማ ታላቅ ወንድም፣ ኮርያ የቀረው ጋሼ!

እማማ “ፎቶው በደርግ ጊዜ ጠፋ” ትለን አልነበር? አልጠፋም። ለፍተሻ ፈርታ እዚያ ሸሽጋው ነው። ደርግ ከወደቀ በኋላ ለምን እንዳላወጣችው እንጃ። ረስታው ነው እንዳልል፣ እማማ የሰው ብድር እንኳ የማትረሳ ሴት ናት። ያን ሁሉ ዘመን ሥዕሉ ፊት ቆማ ስታነባ ለማርያም ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ፎቶው የመዳፌን ግማሽ ቢያህል ነው፤ ዳሩ እንደ መጋዝ ጥርስ የተከረከመ። ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፏል። ኮፍያውን ብብቱ ስር ይዟል። እጅጌው በጣም ረዝሞበት የጣቶቹ ጫፍ ብቻ ነው የሚታየው፤ የትልቅ ወንድሙን ልብስ ለክት ያለበሱት ልጅ ነው የሚመስለው። ጫማው ግን ያብረቀርቃል። ከጀርባው በቀለም “ለእህቴ ለማስታወሻ፣ ሚያዝያ 1943” ይላል።

ሃያ ዓመቱ ነበር። እማማ ደግሞ 11። ለካ እሷ ሰማንያ ሊሞላት ደርሳም “ጋሼ” የምትለው ይሄንን ልጅ ነው። እኔና አንቺ እኮ ሪዝ ያለው፣ ከዘራ የያዘ ሽማግሌ ይመስለን ነበር!

የለገሃሩን ታሪክ ታስታውሻለሽ? የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ከክብር ዘበኛ ተመርጦ በባቡር ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያ በመርከብ ወደ ኮርያ ሲሄድ፣ እማማ ቆሎ በመሐረብ ቋጥራ ልትሸኘው ሄደች። ሰው በሰው ላይ ሆኖ ሳትደርስበት ባቡሩ ተነሳ። “ቆሎው እጄ ላይ ቀረ” ትል ነበር። አንቺ ሁልጊዜ “ታዲያ ማን በላው?” ትያታለሽ። እሷም ሁልጊዜ አትመልስልሽም።

“ሞተ” ብላ አታውቅም አይደል? አስከሬኑ መጥቶ፣ ተቀብሮ፣ ተዝካሩ ወጥቶ እንኳ “ጋሼ ኮርያ ቀረ” ነው የምትለው። ሳጥኑን አልከፈቱላትም ነበራ። ከዚያ ጦርነት ከ120 በላይ ልጆቻችን አልተመለሱም። ከቃኘው ግን አንድም የተማረከ የለም፣ የወደቀባቸውንም ጥለው አልመጡም ይባላል። ይሄንን ወሬ አንድ ቀን አባቴ ሲያወራ፣ እማማ ከጓዳ ሆና “ታዲያ ጋሼስ?” አለች። ቤቱ ጸጥ አለ።

በደርግ ጊዜ ደግሞ ኮርያ ዘምቼ ነበር ብሎ በኩራት ማውራት ቀረ። መንግሥት የሰሜን ኮርያ ወዳጅ ሆነ። ጥቁር አንበሳ አጠገብ ያለው የትግላችን ሐውልት እንኳ የሰሜን ኮርያውያን እጅ ያለበት ነው፤ በ1977 የቆመ። ታክሲ ይዘን በቸርችል ስንወርድ እማማ እዚያ ጋ ስትደርስ ፊቷን ወደ ማዶ ታዞራለች። “ምነው እማማ?” ስትያት “አንገቴን አሞኝ ነው” አለችሽ። የአንገቷ ነገር አሁን ነው የገባኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ፎቶውን ቦርሳዬ ውስጥ አድርጌ አፍንጮ በር፣ የኮርያ ዘማቾች ሐውልት ጋ ሄድኩ። በራስ መኮንን ድልድይ በኩል በእግሬ ነው የሄድኩት። ቃኘው የራስ መኮንን የፈረስ ስም እንደሆነ ታውቂ ነበር? ሻለቃው ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። እኛ በዚያ ድልድይ ስንት ጊዜ ተመላልሰን፣ የምናውቀው ታሪክ አንቺ እዚያ ደብተርሽን ወንዝ የጣልሽውን ብቻ። ሐውልቱን ዞርኩት፣ ትንሽ ተቀመጥኩ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ምንም አልተሰማኝም። ፀሐዩ አናቴን በስቶኝ ማኪያቶ ፍለጋ ወጣሁ።

ያለቀስኩት ማታ ቤት ገብቼ ነው። ልጄ ፎቶውን ጠረጴዛ ላይ አየና “ይሄ ጩጬ ማነው?” አለኝ። ልጄ እኮ ሃያ አንድ ሞላው። “ጋሼ በለው” አልኩት፤ ከዚያ በላይ መናገር አቃተኝ።

አንድ ነገር ልጨምር። ጋሼ የላካት የመጨረሻዋ ደብዳቤ ጥር 1944 ነበር የደረሰችው። ጎረቤት አነበበላት፣ እሷ በቃሏ ያዘቻት። “በረዶው የተፈለቀቀ ጥጥ ይመስላል፣ ሲረግጡት ግን እንደ እሳት ይፈጃል” ይላል። አንቺ ሚኒሶታ የገባሽ ሰሞን ስልኩን ከእጄ ነጥቃ፣ ሰላም እንኳ ሳትልሽ፣ ስለ ጫማሽ የጠየቀችሽ ለዚህ ነበር። ያኔ ሁለታችንም ሳቅን።

ፎቶውን ኮፒ አስደርጌ እልክልሻለሁ። ስልኬ ያው ነው፤ ስትደውይ አነሳለሁ። እዚያ ብርዱ ገብቷል አሉ። ጫማሽ ወፍራም ነው?

የጓሮ ጎረቤትሽ